ምዕራፍ ሰባት፦ ወንፈሉን ማን ያስተምር?

ሰኞ ጠዋት ነው። ሠላሳ አርባ የሚሆኑ ተማሪዎች የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ፊዚክስ የሚያጠኑ አሉ፤ ባዮሎጂ የሚያጠኑ አሉ፤ የዩኒቨርሲቲያቸውን ሰርቨር የሚጠብቁ ቴክኒሺያኖችም አሉ። ኮርሱ የአምስት ቀን ነው። የሚማሩት በብዙ አገር በተበተኑ ኮምፒውተሮች ላይ የስሌት ሥራ እንዴት እንደሚላክ ነው። ከሁሉ በፊት ግን መግባት አለ፤ ለመግባት ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ ያስፈልጋል፣ በሙያተኞቹ አጠራር «ሰርተፊኬት»። ሰርተፊኬት የሚፈልግ ሰው ፓስፖርቱን ይዞ በአገሩ የተሾመ መዝጋቢ ዘንድ በአካል ይቀርባል፣ ፊቱ ከፎቶው ጋር ይመሳከራል፣ ፎርም ይሞላል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ዓርብ ሲመጣ ኮርሱ ያልቃል፤ ሰርተፊኬቱ ገና መንገድ ላይ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ ይህን ሙያ ያስተማረ ሁሉ ከዚህ ጣጣ ጋር ተጋፍጧል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተራ የቢሮ ውጣ ውረድ ይመስላል፤ እኔ ግን የትምህርት ፖሊሲ ሲጎድል ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ሥርዓቱን የነደፉት ሰዎች ሳይንቲስቱን አስበውታል፣ ሌባውንም አስበውታል። ተማሪው ትዝ ያላቸው ዘግይቶ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ወደ ኋላ እንመለስ። አጨዳ የደረሰበት ገበሬ ጎረቤቶቹን የሚጠራበት ሁለት መንገድ አለው። ደቦ ከሆነ ጠላና እንጀራ ያዘጋጃል፤ ሰዎቹ መጥተው ያጭዱለታል፣ በልተው ጠጥተው ይመለሳሉ። ወንፈል ከሆነ ግን ሒሳብ አለው። ዛሬ የእኔ፣ ነገ የአንተ ነው፤ አንድ ቀን ላጨደልኝ ሰው የአንድ ቀን ጉልበት አለብኝ።

የተበተኑ ኮምፒውተሮችን አስተባብሮ አንድ ትልቅ ስሌት ማሠራትም እነዚሁ ሁለት መልኮች አሉት። በ1999 የተጀመረው ሴቲአትሆም ደቦ ነበር። በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ከሕዋ የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ለሚፈልጉ ተመራማሪዎች የቤት ኮምፒውተራቸውን ትርፍ ጊዜ ሰጡ፤ አንዲት ፕሮግራም ጭነው ወደ መኝታቸው ሄዱ። ሌላ እውቀት አልተጠየቀባቸውም። «ግሪድ» የሚባለው ግን ወንፈል ነው። ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ሰርቨሮቻቸውን ያዋጣሉ፣ በምላሹ የሌሎቹን ይጠቀማሉ። በወንፈል ደግሞ ማጭድ መያዝ የማያውቅ ሰው ዕዳውን መክፈል አይችልም። ሥራ የሚልከው ተመራማሪ መላኩን፣ ሥራ የሚቀበለው ተቋም ቴክኒሺያን ደግሞ የእንግዳ ሰው ሥራ በራሱ ማሽን ላይ በሰላም ማስተናገዱን መማር ነበረባቸው። ትምህርቱ እንደ ጌጥ የሚታከል ነገር መሆን ያልቻለው ለዚህ ነው።

ስሙ የመጣው ከኤሌክትሪክ ነው። ኢያን ፎስተርና ካርል ኬሰልማን በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ የስሌት ኃይልን እንደ መብራት ኃይል ከመረብ መቅዳትን ዓላማ አድርገው አቀረቡ። አምፖል የሚያበራ ሰው ኃይሉ ከጊቤ ይምጣ ከጣና በለስ አይጠይቅም። ማለፊያ ምሳሌ ነው፤ ግን አሳሳች ነበር ብል ድፍረት አይሆንብኝም። መብራት ለማብራት ሥልጠና አያስፈልግም። ግሪድን ለመጠቀም ግን፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓሥር ዓመታት፣ ግማሽ ኤሌክትሪሺያን መሆን ግድ ይል ነበር።

ገንዘቡ የመጣው ከቅንጣት ፊዚክስ ነው። በጄኔቫ አቅራቢያ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር፣ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከሉ ሰርን ያስገነባው 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ግዙፍ ማጋጫ በዓመት 15 ፔታባይት ያህል ዳታ ያመነጫል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ያን የሚያህል ነገር በአንድ ሕንፃ ውስጥ ማስተናገድ በቴክኒክም በፖለቲካም አልሆነም። አገሮች የኮምፒውተር ገንዘባቸውን በገዛ ምድራቸው፣ በገዛ ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ማፍሰስ ይመርጣሉ፤ ወጣቶቻቸውም እዚያው ሙያ እንዲለምዱ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሥራው በደረጃ ተከፋፈለ። ሰርን ማዕከል ሆነ፤ ከሊዮን እስከ ታይፔ፣ ከካርልስሩኸ እስከ ቫንኩቨር 11 ትልልቅ ማዕከላት ሁለተኛውን እርከን ያዙ፤ ከእነሱ በታች በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ተሰለፉ። ዛሬ በዚህ መረብ ውስጥ ከ40 በላይ አገሮች የሚገኙ 170 ያህል ማዕከላት አሉ።

በሚያዝያ 2004 የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የመደበለትና ሰርን የመራው ኢጂኢኢ የተባለ ፕሮጀክት ተጀመረ። ከ27 አገሮች የመጡ 70 ተቋማት ገቡበት፤ ዓላማውም ግሪዱን ከፊዚክስ አልፎ ለሁሉም ሳይንስ ማዳረስ ነበር። ከሌሎች የመሠረተ ልማት ፕሮጀክቶች የሚለየው፣ በእኔ ግምት ደግሞ ትልቁ ብልህነቱ፣ ሥልጠናን ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል ማድረጉ ነው። ክፍሉ በወረቀት ላይ «ኤንኤ3» የሚል ደረቅ ስም ነበረው። በጀት ነበረው፣ ሠራተኛ ነበረው፣ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ ነበረበት፤ የሚመራውም ኤዲንብራ ከሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ የኢ-ሳይንስ ማዕከል ነበር። ብዙዎቻችን ፕላስቲኩ ሳይላጥ ዓመት የተቀመጠ ኮምፒውተር አይተናል፤ ዕቃው በጀት ነበረው፣ ዕቃውን የሚያስተምረው ሰው ግን አልነበረውም። ኤንኤ3 ያንን ለማስቀረት የተደረገ ሙከራ ነው።

ያ የሰኞ ጠዋት ጣጣም መፍትሔ ያገኘው በዚሁ ዘመን፣ በሲሲሊ ደሴት ላይ፣ በኤትና እሳተ ገሞራ ግርጌ ባለችው የካታኒያ ከተማ ነው። እዚያ ያለው የጣሊያን ብሔራዊ የኑክሌር ፊዚክስ ተቋም ቅርንጫፍ በ2004 «ጂልዳ» የተባለ ለሥልጠና ብቻ የሚያገለግል ትንሽ ግሪድ አቆመ። ጂልዳ የዋናው ግሪድ ሙሉ ቅጂ ነበረች፤ ሶፍትዌሩ ያው፣ ትእዛዞቹም ያው፣ ኮምፒውተሮቹም በተለያዩ አገሮች የተቀመጡ። ልዩነቷ የራሷ መታወቂያ ሰጪ መኖሩ ላይ ነው። ለሠልጣኝ ቶሎ የሚደርስ፣ ዕድሜው አጭር፣ ዋናው ግሪድ ላይ የማይሠራ ሰርተፊኬት ትሰጥ ነበር። ተማሪው እዚያ ውስጥ ፋይል ቢያጠፋ፣ ወረፋውን ቢዘጋ፣ አንድ ሺህ የማይረባ ሥራ ቢልክ የማንም የምርምር ውጤት አይበላሽም። መኪና ለመንዳት የሚማር ሰው «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት መኪና፣ ከጎኑ አስተማሪ ተቀምጦ፣ ሰው በማይበዛበት ጎዳና እንደሚጀምረው ማለት ነው። ነገሩ ከታየ በኋላ ቀላል ነው። ከጂልዳ በፊት ግን አስተማሪው ወይ የራሱን መታወቂያ ለተማሪ ያውሳል፣ ያ ደግሞ የደኅንነት ደንቡን መጣስ ነው፤ ወይ ተማሪው ስላይድ እያየ ይውላል።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ተማሪው በእነዚያ አምስት ቀናት ምን ነበር የሚማረው?

የመጀመሪያው ነገር ሥራን በጽሑፍ መግለጽ ነው። የሚሠራው ፕሮግራም የቱ ነው፣ አብሮት የሚጓዘው ፋይል ምንድን ነው፣ ውጤቱ ወዴት ይመለስ የሚሉት በትንሽ ፋይል ይጻፋሉ። ያቺ ፋይል ወደ አገናኙ ሶፍትዌር ትላካለች፤ እርሱም ነፃ ማሽን ፈልጎ ሥራውን ያደርስለታል። ተማሪው ሥራው እየጠበቀ ነው፣ ተመድቧል፣ እየሮጠ ነው፣ አልቋል የሚሉ መልእክቶችን ይከታተላል። ብዙ ጊዜ «ተቋርጧል» የሚል ይመጣል። እውነተኛው ትምህርት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ለምን ተቋረጠ? አንደኛው የታወቀ ወጥመድ የጊዜ ገደብ ነበር። ተጠቃሚው ሰርተፊኬቱን እንደ ውክልና ሰጥቶ ሥራውን ይልካል፤ ውክልናው በተለመደው አሠራር 12 ሰዓት ብቻ ይቆያል። ሥራው ወረፋ ላይ 10 ሰዓት ከጠበቀና የአራት ሰዓት ስሌት ከሆነ፣ መሐል ላይ ውክልናው ይሞታል፣ ሥራውም አብሮት። ይህን በንግግር የሰማ ሰው ይረሳዋል፤ ሐሙስ ማታ የላከው ሥራ ዓርብ ጠዋት ሞቶ ያገኘው ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ያን የለመዱ ሰዎች ምን እንደሠሩ ለማየት 2005ን መመልከት ይበቃል። ክሌርሞንት ፌራን በሚገኙ የፈረንሳይ ተመራማሪዎችና በጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም የተመራ ዊዝደም የተባለ ሥራ በኢጂኢኢ ግሪድ ላይ የወባ መድኃኒት ፍለጋ አካሄደ። የወባ ጥገኛ ተሕዋስያን ካላቸው ፕሮቲኖች ጋር የትኞቹ የኬሚካል ሞለኪዩሎች ሊገጥሙ እንደሚችሉ፣ ቁልፍን ከቁልፍ ቀዳዳ ጋር እንደመሞከር፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሙከራ በስሌት ብቻ ተደረገ። ለአንድ ኮምፒውተር 80 ዓመት ገደማ የሚሆን ሥራ በስድስት ሳምንት አለቀ። ከተላኩት ሥራዎች ግን ቀላል የማይባል ክፍል በየመንገዱ ወድቆ እንደገና መላክ ነበረበት። ሳምንታቱን ያሳለፈው ሰው መድኃኒት አዋቂ ብቻ ቢሆን ወይም የኮምፒውተር ሰው ብቻ ቢሆን ነገሩ አይሆንም ነበር፤ ሁለቱን የሚያገናኙ፣ መውደቅን እንደ ተራ ነገር መቀበል የለመዱ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በአንድ ሳምንት ኮርስ አይወጣም።

በሥልጠናና በትምህርት መካከል ያለው ክርክር የተነሣው ከዚህ ነው። ሥልጠና ዛሬ ያለውን መሣሪያ ለዛሬ ሥራ ያስይዛል፤ ትምህርት ነገ መሣሪያው ሲለወጥ የማይለወጠውን ያስጨብጣል። በ2003 ኔፕልስ አጠገብ ባለችው ቪኮ ኤኩዌንሴ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የግሪድ ክረምት ትምህርት ቤት ሁለተኛውን መረጠ። በኋላ ወደ ኢስኪያ ደሴት፣ ወደ ስዊድን፣ ወደ ሃንጋሪ ባላቶን ሐይቅ ዳር ተዘዋውሯል። እዚያ ተማሪው አንድ ሶፍትዌር ብቻ አይማርም። የአሜሪካኖቹ ግሎበስና ኮንዶር፣ የጀርመኖቹ ዩኒኮር፣ የሰሜን አውሮፓዎቹ አርክ፣ የኢጂኢኢ ጂላይት አንድ ላይ ይቀርቡለታል፤ ካስተማሩት መካከልም እንደ ኮንዶሩ ሚሮን ሊቭኒ ያሉ ራሳቸው ፈጣሪዎቹ ነበሩ። ዓላማው ተማሪው በአምስቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ እንዲያይ ነው፤ ማን ነህ? ሥራህ ወዴት ይሂድ? ዳታህ የት ነው? ቢወድቅስ? ይህ አካሄድ ተማሪን ያደክማል፤ ኮርሱ ሲያልቅ አንዱንም ጠንቅቆ የማያውቅ ይኖራል። ቢሆንም ከሁሉ የተሻለው ኮርስ ይኸኛው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

ፖሊሲው በወረቀት የሰፈረው በ2008 ነው። የአውሮፓ መንግሥታት ተወካዮች ስለ ኢ-መሠረተ ልማት የሚመክሩበት ኢ-አይአርጂ የተባለው አካል የትምህርትና ሥልጠና ግብረ ኃይል አቋቁሞ ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱ የሚያነሣቸው ነገሮች ላይ ላዩን ሲታዩ የቢሮ ጉዳይ ናቸው። የለማጅ ግሪዶች እንደ ጂልዳ በአንድ ተቋም በጎ ፈቃድ ላይ መንጠልጠላቸው ቀርቶ ቋሚ ይሁኑ ይላል። ተማሪና መምህር በራሳቸው ዩኒቨርሲቲ መታወቂያ እንዲገቡ፣ ሌላ አገር ሄደውም በዚያው እንዲሠሩ ይመክራል። የማስተማሪያ ጽሑፎች ባለቤትነት ግልጽ እንዲሆንና ሌላው ወስዶ እንዲያሻሽላቸው እንዲፈቀድ ይጠይቃል። አንድ አገር የሰጠው የብቃት ማረጋገጫም ሌላው አገር እንዲቀበለው ያሳስባል።

የመጨረሻው ከሁሉ የከበደ ነበር። በ1999 በቦሎኛ በተፈረመው ስምምነት መሠረት የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የትምህርት ነጥብ አላቸው፤ የአንድ ዓመት ሙሉ ጥናት 60 ነጥብ ነው። የሁለት ሳምንት የግሪድ ኮርስ ግን ስንት ነጥብ ይሰጠዋል? ማን ይፈትናል? ዲግሪ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ኮርሱን አያውቀውም፤ ኮርሱን የሚያውቀው ፕሮጀክት ዲግሪ መስጠት አይችልም። ከ1970 ጀምሮ የሚካሄደው የሰርን የኮምፒውቲንግ ትምህርት ቤት በየዓመቱ በአንድ አገር ዩኒቨርሲቲ እየተጋበዘ፣ በመጨረሻ ፈተና እየሰጠ፣ አስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ ነጥብ እንዲሰጥ በማድረግ ይህን ቋጠሮ ፈትቶታል። የሚፈታው ግን ለጥቂት ደርዘን ተማሪዎች ነው። ብዙዎቹ ወጣቶች የዶክትሬት ጊዜያቸውን ቆርሰው ተማሩ፤ በማስረጃቸው ላይ ግን ምንም አልታየላቸውም። አማካሪ ፕሮፌሰሮቻቸውም «ወረቀትህን ጻፍ፣ ይህን ለቴክኒሺያኑ ተወው» ቢሏቸው አልፈርድባቸውም፤ መመዘኛው ወረቀት ነበርና።

ከዚያ ሚያዝያ 2010 መጣ። ኢጂኢኢ በሦስተኛው ምዕራፉ ተጠናቀቀ። በ50 ያህል አገሮች 300 ገደማ ማዕከላት ነበሩት። ቦታውን የወሰደው መቀመጫውን አምስተርዳም ያደረገው ኢጂአይ ነው፤ አሠራሩም ከማዕከላዊ ፕሮጀክት ወደ ብሔራዊ ግሪዶች ኅብረት ተለወጠ። መሠረተ ልማት በአገሮች ቋሚ በጀት ይደገፍ መባሉ ትክክል ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ከሚታደስ ገንዘብ ይሻላል። ሥልጠናውም አብሮ ለየአገሩ ተሰጠ። ጀርመንና ጣሊያን ይችሉት ነበር፤ ጥቂት ተጠቃሚ ብቻ ያላት ትንሽ አገር ግን አሠልጣኝ መቅጠር ትርጉም አይሰጣትም። ኤዲንብራና ካታኒያ ያፈሯቸው አሠልጣኞች ወደ ሌላ ፕሮጀክት፣ ወደ ኩባንያ፣ ወደ ደመና ኮምፒውቲንግ ተበተኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2012፣ የሂግስ ቅንጣት መገኘት ሲታወጅ የሰርን ዋና ዳይሬክተር ሮልፍ ሆየር ስኬቱን ለማጋጫው፣ ለመመርመሪያዎቹና ለግሪዱ ሰጡ። ያን ግሪድ ካንቀሳቀሱት መካከል ከኤንኤ3 ክፍሎች ውስጥ የወጡ ነበሩበት፤ ኤንኤ3 ግን ያን ጊዜ አልነበረም።

በአንጻሩ ያለ መንግሥት ፖሊሲ ያደገ ነገር አለ። በ1998 ግሬግ ዊልሰንና ብሬንት ጎርዳ በአሜሪካው ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ለሳይንቲስቶች መሠረታዊ የፕሮግራም አጻጻፍ ማስተማር ጀመሩ፤ ስሙን «ሶፍትዌር ካርፔንትሪ» አሉት፣ የሶፍትዌር አናጺነት እንደማለት። ኮርሱ ሁለት ቀን ነው። ጽሑፉ በሙሉ ክፍት ነው፤ ማንም ወስዶ ያርማል፣ ይተረጉማል፣ ያስተምርበታል። አስተማሪው ስላይድ አያሳይም፤ ተማሪው ፊት ኮድ እየጻፈ፣ እየተሳሳተ ያስተምራል። ተማሪው ላፕቶፑ ላይ ባለ ቀለም ወረቀት ይለጥፋል፤ አንዱ ቀለም «ጨርሻለሁ»፣ ሌላው «እርዱኝ» ማለት ነው፣ ረዳቶቹም ቀለሙን አይተው ይደርሱለታል። ከሁሉ በላይ አስተማሪ ለመሆን ማስተማርን ራሱን መማር ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተር ማወቅ ብቻውን አይበቃም። የ2008ቱ ሪፖርት ስለ ማስተማሪያ ጽሑፍ መጋራት የተመኘውን እነዚህ ሰዎች ሠርተውት አሳዩ። ሴቲአትሆም ደቦ ነበር ካልን፣ ይህ ደግሞ የመምህራን ደቦ ነው።

ወደ አህጉራችንም ክሩ ይዘልቃል። በ2009 እና በ2013 መካከል ኢፒክ የተባለ በአውሮፓ ገንዘብ የተደገፈ ፕሮግራም፣ ካታኒያ ያሉት የጂልዳ ሰዎች በዋናነት የተሳተፉበት፣ አፍሪካን፣ እስያንና ላቲን አሜሪካን እየዞረ የግሪድ ትምህርት ቤቶች አካሄደ። በ2010 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤት ተጀመረ፤ በየሁለት ዓመቱ በጋና፣ በሴኔጋል፣ በሩዋንዳ፣ በናሚቢያ ተካሂዷል። በእኛ በኩል የኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ ዩኒቨርሲቲዎችን በፋይበር እያገናኘ፣ መቀመጫው ማላዊ በሆነው ኡቡንቱኔት አሊያንስ በኩልም ከሌሎቹ ጋር ይቆራኛል። ሽቦው ሲዘረጋ ሪባን ይቆረጣል፤ ሽቦው ላይ ሥራ መላክ የምታውቅ አንዲት ወጣት ስትመረቅ ሪባን የለም። በጀት የሚይዙ ሰዎች የትኛውን እንደሚመርጡ መገመት አያስቸግርም።

ወደ ክረምት ትምህርት ቤቱ እንመለስ ብዬ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በቃላቸው የያዟቸው የጂላይት ትእዛዞች ዛሬ የሚሠሩበት ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ሥራ ተቀባይ የነበረው ክሪም የተባለው የዚያ ሶፍትዌር ክፍል ድጋፍ በ2020 መጨረሻ ተቋርጧል። ኮንዶር ግን በአዲስ ስሙ፣ ኤችቲኮንዶር ተብሎ፣ ዛሬም ብዙ ማዕከላት ላይ ይሠራል፤ በኢስኪያ ደሴት ላይ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነበር፣ ያን ጊዜ የትኛው እንደሚተርፍ ያወቀ አልነበረም።

ያ ሁሉ ሰው ሰኞ ጠዋት የታገለለት ሰርተፊኬትም መንገዱን እየለቀቀ ነው። የሰርን ግሪድ አሁን ተጠቃሚውን በራሱ ተቋም መለያ ወደሚያስገባ፣ «ቶከን» ወደሚባል አጭር ዕድሜ ያለው ማስረጃ እየተሸጋገረ ይገኛል፤ ይህ 2008 ላይ ለተማሪዎች የተጠየቀው ነገር ነው። የማስተማሪያ ጽሑፎቹ የመጀመሪያ ገጽ እንደገና መጻፍ አለበት።